ከጅማ እስከ ካታንጋ፦ በጋሽ ይድነቃቸው ፈለግ አምስት ቀን

አባቴ በሕይወት እያለ ጥር 13 ለሱ በዓል ነበር። ጥምቀት አለፈ፣ ሚካኤል ገባ ብለን ስንበታተን እሱ ገና የራሱን ቀን ይጠብቃል። ማታ ቡና ይፈላል። ከዚያ ያቺን ጨዋታ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ይተርክልናል። 1954 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ኢትዮጵያ 4፣ ግብፅ 2። ያን ጊዜ የ16 ዓመት ተማሪ ነበር። ተጫዋቾቹን እንደ ሰፈር ልጅ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ መንግሥቱ፣ ሉቻኖ፣ ኢታሎ ይላል። አሠልጣኙ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ይለወጣል። "ጋሽ ይድነቃቸው" ይላል።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ጨዋታውን አጠገቡ ተቀምጠው ያዩት ጓደኛው ግን በሕይወት አሉ፣ ጅማ ነው የሚኖሩት። ጋሽ ይድነቃቸው ተሰማም የተወለዱት ጅማ ነው። ስለዚህ በ2017 ጥምቀትን ጅማ ውዬ፣ ጥር 13ን ስታዲየሙ ደጃፍ ላገኘው ተነሳሁ። ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ በሳምንቱ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 9፦ ከአየር ጤና እስከ ወልቂጤ

ከአየር ጤና ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባስ ያዝኩ። እስከ ወሊሶ 250 ብር። የበዓል ሰሞን ታሪፍ የሚባል ነገር የለም፣ ረዳቱ የጠራውን ትከፍላለህ። ሰበታን እስክናልፍ መንገዱ ያው የአዲስ አበባ ትራፊክ ነው። ከዚያ በኋላ ሜዳው ይከፈታል። ጤፉ ታጭዶ አልቋል፣ በየአውድማው የገለባ ክምር ቆሟል። ቱሉ ቦሎ ላይ ልጆች የሽምብራ እሸት ይዘው መስኮቱን ከበቡት። አንድ እስር 30 ብር። ገዝቼ ለአጎራባቾቼ አካፈልኩ። እሸት ብቻውን የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም።

አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ 20 ዓመት ቢሆነው ነው። የሊቨርፑል ማሊያ ለብሷል፤ ጀርባው ላይ ሳላህ ተብሎ ተጽፏል። እሸቱን እየፈለፈልን ወሬ ጀመርን። የሳላህን ጎሎች በየዓመቱ ይቆጥራቸዋል።

"እኛ ግብፅን አሸንፈን እናውቃለን?" አልኩት።

"አዎ! ማላዊ ላይ። 2 ለ 0" አለኝ ሳያስብ።

ልክ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ሊሎንግዌ ላይ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው ግብፅን ረተናል። እኔም ቤቴ ሆኜ ጮኬያለሁ። ጨዋታው ግን የኛ የሜዳ ጨዋታ ነበር። የሜዳችንን ጨዋታ ማላዊ የተጫወትነው የአህጉራዊውን ኮንፌዴሬሽን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አገር ቤት ስላልነበረን ነው። ልጁ ይህን ያውቃል፤ አልደነቀውም። ከዓመታት ወዲህ ነገሩ እንደዚያ ነበር። ስለ 1954 ስነግረው ግን ፍልፈላውን አቆመ። "እዚሁ? ስታዲየም?" አለ። እዚሁ አልኩት። ወሊሶ እስክንደርስ ጠየቀኝ።

ወሊሶ በያይነቱ በ130 ብር በልቼ በሌላ መኪና ወልቂጤ ገባሁ። የጉራጌ ምድር መግባቴን ያወቅሁት ዳገቱ ላይ ባሉት እንሰቶች ነው። ዕለቱ ዓርብ መሆኑ ነው የጎዳኝ። ወልቂጤ ደርሶ ክትፎ አለመብላት ከባድ ነው። በየምግብ ቤቱ ደጃፍ ቅቤው ከነኮረሪማው ይሸታል። ነገም ገሃድ ስለሆነ ጾም ነው። ለአስተናጋጇ "ማክሰኞ እመለሳለሁ" ብያት በጎመንና በቆጮ አደርኩ። አልጋ 600 ብር ነበር። ውኃ አልነበረም፤ በባልዲ ሰጡኝ፤ ንጹሕና የሞቀ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 10፦ ግቤ በረሃ

ከወልቂጤ ጅማ በአውቶቡስ 500 ብር። ሾፌሩ ከመጨለሙ በፊት መግባት አለብኝ እያለ በጊዜ ተነሳ። አሁን አሁን በዚህ መንገድ ማንም በምሽት መንዳት አይፈልግም።

ቁልቁለቱን ወደ ግቤ መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ሰው ጋቢውን አወለቀ። ጠመዝማዛው መሃል ላይ ከኋላ እንደ ጥይት የሚጮህ ድምፅ ተሰማ። ሴቶቹ ማርያምን ጠሩ። ጎማ ነው የፈነዳው። ሾፌሩ ቀስ አድርጎ ዳር አስያዘው፤ እጁን ያለምልመው። ወርደን ስናይ ቅያሪው ጎማም የተነፈሰ ነው። ረዳቱ ያንን ጎማ በሚያልፍ አይሱዙ ጭኖ ሊያስነፋ ወደ ወልቂጤ ተመለሰ። እኛ ግራር ሥር ተቀመጥን። ሦስት ሰዓት ተኩል።

ደግነቱ ማንጎ የሚሸጡ ልጆች ወዲያው ደረሱ። ትልቁ 20 ብር፣ ትንሹ 10። ዝንጀሮዎች ደግሞ ልጣጩን ለመውሰድ ከበላያችን ድንጋዩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አንድ ነጭ ሻሽ የጠመጠሙ ሽማግሌ አጠገቤ ነበሩ። ለምን ጅማ እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

"ተሰማ እሸቴን ነው የምትለኝ? የነጋድራስን ልጅ?" አሉኝ።

እኔ ስለ ኳሱ ሳወራ እሳቸው አባቱን ነው ያወቁት። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ቅኔ አዋቂ ነበሩ፣ ማሲንቆ ይመታሉ። ምኒልክ ወደ ጀርመን ልከዋቸው እዚያ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ከኢትዮጵያውያን ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው ይባላል። ልጃቸውን ይድነቃቸው አሉት። ሽማግሌው ስሙን ሁለት ጊዜ ደጋገሙት። "ማንን ይሆን 'ይድነቃቸው' ያለው? ቅኔ አዋቂ ያወጣው ስም እኮ ነው" አሉ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ማንጎ እየላጡ ዝም አሉ።

እኔም በዚያ ሙቀት ሳስበው ስሙ ሥራውን አገኘው አልኩ። በ1949 ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት የነበሩት አገሮች አራት ብቻ ነበሩ። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ከመሥራቾቹ አንዱ ጋሽ ይድነቃቸው ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም አለ፤ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወጣ። እኛ በዚያው ሳንጫወት ፍጻሜ ደረስን። ፍጻሜው ላይ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው፣ አድ ዲባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ሄድን። አሁንም 4 ለ 0። በሁለት ጨዋታ ስምንት ጎል ማለት ነው። የ1954ቷ እሁድ ምን እንደነበረች የሚገባው ይህን ስምንት ጎል የቆጠረ ሰው ነው።

ጎማው 9 ሰዓት ላይ ተገጠመ። የግቤን ድልድይ ተሻግረን፣ አበልቲን ወጥተን፣ ሰኮሩንና አሰንዳቦን አልፈን ጅማ ስንገባ ፀሐይዋ ጠልቃለች። ከአሰንዳቦ ወዲህ ዛፉ እየበዛ፣ አየሩ እየረጠበ ይሄዳል። የአዲስ አበባን ደረቅ የጥር ብርድ የለመደ አፍንጫ ወዲያው ያውቀዋል። ከተራው አመለጠኝ። ታቦታቱ ወርደው አልቀዋል።

የአባቴ ጓደኛ፣ ጋሼ፣ መናኸሪያው በር ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። 79 ዓመታቸው ነው። ከ8 ሰዓት ጀምሮ ነበር የጠበቁኝ። "ልጄ፣ አባትህም ቀጠሮ አያከብርም ነበር" አሉና አቅፈው ሳሙኝ። ግንባሬን ትከሻቸው ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ።

እሁድ፣ ጥር 11፦ ጥምቀትና ስድስት ሲኒ

ጋሼ ሙስሊም ናቸው። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር። ቤታቸው ከሂርማታ ገበያ አይርቅም፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጓሮው አቮካዶና ቡና። ማታ ገሃድ መሆኑን አስታውሰው ባለቤታቸው በተለየ ድስት የምስር ወጥ ሠርተውልኝ ነበር፣ ያለ ቅቤ። ማንም አልነገራቸውም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አዛኑ ሲያበቃ የቅዳሴው ድምፅ ከወዲያ ማዶ ይሰማል። ጅማ እንዲህ ነው የሚነጋው።

ጠዋት ጋሼ ራሳቸው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወሰዱኝ። በየመንገዱ ሰው ሰላም ይላቸዋል፣ ግማሹ ተማሪያቸው ነበር። ጠበል ከተረጨን በኋላ ታቦታቱ ሲመለሱ ወጣቶቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ምንጣፍ እያነጠፉ ይሮጣሉ። ጃንሜዳን ለለመደ ሰው ሕዝቡ ያንሳል፤ ጭፈራው ግን ቀረብ ያለ ነው። ታቦቱን በሁለት ሜትር ርቀት ታያለህ። አንዲት ልጅ ሎሚ ወርውራ ትከሻዬን መታችኝ፤ ለሌላ ሰው እንደነበር ከፊቷ ያስታውቃል።

ከምሳ በኋላ ቄጠማ ተጎዘጎዘ። ባለቤታቸው ቡናውን ከጓሯቸው ለቅመው አድርቀው ነው የቆሉት። በረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ ተደረደረ። አቦሉን ጠጥተን ሲኒው ሲታጠብ ጋሼ አንድ በአንድ አነሱና ምንጣፉ ላይ አስቀመጧቸው። የስኳር ዕቃው የግብፅ በረኛ ሆነ።

"ሲኒው የእናቴ ነው!" አሉ ባለቤታቸው።

"አልሰብርም። አሁን እያት" አሉኝ ጋሼ።

መጀመሪያ ሲኒዎቹን ወደኋላ ሳቧቸው። በ35ኛው ደቂቃ በደዊ አገባብን። እስከ እረፍት እንደዚያው። አባቴ ያን ጊዜ ጥፍሩን በልቶ ጨርሶ የሳቸውን ኮት እጅጌ ይዞ ነበር። 74ኛው ደቂቃ ላይ ግርማ አገባ። ጋሼ አንዱን ሲኒ ገፍተው የስኳር ዕቃውን ነካ አደረጉት። ሕዝቡ ዘሎ ገና ሳይቀመጥ በ75ኛው በደዊ ደገመ። እዚህ ላይ ድምፃቸው ወረደ። ባለቤታቸው ቶናውን መቅዳት ትተው እሳቸውን ያያሉ። ስንት ጊዜ ሰምተውት ይሆን?

"ዘጠኝ ደቂቃ። ሞተን ዘጠኝ ደቂቃ ተቀመጥን" አሉ። "84ኛው ላይ ሉቻኖ!"

ሉቻኖ ቫሳሎ የቡድኑ አምበል ነበር፤ የአስመራ ልጅ፣ እናቱ ኤርትራዊት አባቱ ጣሊያናዊ። ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰልፏል። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው 101ኛው ደቂቃ ላይ ኢታሎ አገባ። 117ኛው ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለቡ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። ጋሼ የመጨረሻዋን ሲኒ ከስኳር ዕቃው ኋላ አሳልፈው አስቀመጧትና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ዋንጫውን ንጉሡ ለሉቻኖ ሲሰጡ ከነበሩበት ቦታ አልታያቸውም ነበር፤ ከፊት ያለው ሰው ሁሉ ቆሟል። አባቴ ትከሻቸው ላይ ወጥቶ እያየ ነገራቸው። ይህንን አባቴ ነግሮኝ አያውቅም።

በረካው ሲቀዳ ስለ አሠልጣኙ ጠየቅኳቸው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ መምህር ነበሩና መልሳቸው የመምህር ነው። ለሳቸው የጋሽ ይድነቃቸው ትልቅነት የሜዳ ውስጥ ብልሃት ብቻ አይደለም። የተጫወቱበትን፣ ያሠለጠኑበትንና የተከራከሩበትን ነገር አንድ አድርገው መያዛቸው ነው። ጊዮርጊስ የተቋቋመው በ1928 ነው፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ወራት ሲቀሩት። ጋሽ ይድነቃቸው በጊዮርጊስ ማሊያ ያደጉ ሰው ናቸው። ጣሊያን በገዛበት ዘመን ነጭና ጥቁር ለየብቻ ይጫወት ነበር። ያንን ያየ ወጣት በኋላ አፓርታይድን ምን ያህል እንደሚጠላ ጋሼ ሊያስረዱኝ አላስፈለጋቸውም። በ1964 የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ሕልፈታቸው 15 ዓመት መሩት። ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ እስክትባረር ድረስ ከተሟገቱት ግንባር ቀደሙ ነበሩ፤ በ1968 ተባረረች።

ሌላው የዓለም ዋንጫው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ለ1966ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ የተሰጣት ቦታ ሙሉ እንኳ አልነበረም። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሽንያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ነው የሚያልፈው። ጋሽ ይድነቃቸውና ጋናዊው ኦሄኔ ጃን ይህን አንቀበልም አሉ። የአፍሪካ አገሮች በሙሉ ራሳቸውን አገለሉ። ለቀጣዩ ዋንጫ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ሞሮኮ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለት ሆነ፣ አልጄሪያና ካሜሩን። ዛሬ ዘጠኝ አገር ሲያልፍ የምናጨበጭበው ያንን አንድ ሙሉ ቦታ ለማግኘት አንጫወትም ያሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ማታ ጋሼ የጓሮ ማር አቀረቡ። ነጭ አይደለም፣ ቡናማ ነው፤ የጫካ አበባ ሽታ አለው። በእንጀራ ጠቅልዬ በላሁት። አዲስ አበባ ውስጥ ኪሎውን በስንት ብር እንደምንገዛ ስነግራቸው ማርያም ማርያም ባይሉም በራሳቸው አምላክ ማሉ።

ሰኞ፣ ጥር 12፦ ጅሬን

ጋሽ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ነው። የእንቁጣጣሽ ልጅ። ያረፉት ደግሞ ነሐሴ 13 ቀን 1979፣ በቡሄ ዕለት። አበባየሁሽ እየተባለ መጥተው ሆያ ሆዬ እየተባለ ሄዱ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ቆም ብለው ጣታቸውን ቆጠሩ፤ ልክ ነው አሉ።

እሳቸው ሲወለዱ ጅማ የአባ ጅፋር አገር ነበረች። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ያስተዳደሩ ሱልጣን ናቸው። ዛሬ የምናየውን ከተማ አብዛኛውን የዘረጋው በኋላ የመጣው ጣሊያን ነው። ስለዚህ የዘመኑን ጅማ ለማየት የሚሻለው ጅሬን ነው። ባጃጅ ተኮናተርን፣ ደርሶ መልስ 400 ብር። ዳገቱን ስንወጣ ባጃጁ ትንፋሹ አጠረ፤ እኔ ወርጄ ከኋላ ገፋሁ፣ ጋሼ ተቀምጠው "በርታ!" ይሉኛል።

ቤተ መንግሥቱ ከእንጨት ነው። ሰገነቱ ላይ ቆመህ ስታይ ከተማው ከታች በዛፍ ተውጦ ይታያል። የወለሉ ጣውላ በእግር ብዛት መሃሉ ጎድጉዷል። አስጎብኚው ልጅ እያንዳንዱን ክፍል በፍቅር ነው የሚያሳየው። ስለ ጋሽ ይድነቃቸው ጠየቅሁት። "የኳሱን ነው?" አለኝ። ስሙን ያውቃል። ጅማ መወለዳቸውን ግን ከኔ ነው የሰማው። ደብተሩን አውጥቶ ዓመተ ምሕረቱን ጻፈ።

ከዚያ ወርደን ከተማ ውስጥ ጠየቅን። በአዌቱ ወንዝ ዳር የበርጩማ ጠራቢዎች አሉ፤ አንድ ትልቅ ሰው ጠርበው ያላለቀውን ባለሦስት እግር በርጩማ ገልብጠው ተቀመጡበትና አሰቡ። ነጋድራስ ተሰማ የሚባል ሰው እንደነበረ ከአባታቸው ሰምተዋል። ቤቱ የት እንደነበረ ግን አያውቁም። ሌላም ሰው ጠየቅን፣ ሌላም። እኔ ከጠየቅኳቸው የሚያውቅ አልተገኘም። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሰው ጥፋት አይደለም። ግን ከፋኝ። አንድ ድንጋይ ላይ "እዚህ ሰፈር ተወለዱ" የሚል ጽሑፍ ባነብ ኖሮ እጄን ላሳርፍበት ነበር የመጣሁት።

ጋሼ ፊቴን አይተው ወደ አንድ ሜዳ ወሰዱኝ። ሜዳ ልበለው እንጂ በሁለት ቤቶች መሃል ያለ ቀይ አፈር ነው። ሕፃናት ይጫወታሉ፣ ስምንት ለዘጠኝ። ኳሷ የካልሲ ናት። አንስቼ አየኋት። ውስጡ ፌስታልና ጨርቅ ነው፣ ላዩ ሦስት ድርብ ካልሲ፣ ከዚያ በሲባጎ እንደ መረብ ተጠልፏል። አንዱ ካልሲ ሮዝ ነው፣ የእህቱ ይሆናል። ክብደቷ ከአንድ ብርቱካን ትንሽ ይበልጣል። መሬት ላይ ስትወድቅ አትነጥርም፤ ስለዚህ ልጆቹ ሁሉንም ነገር በእግራቸው ማድረግ አለባቸው። እኔም ቄራ ሰፈር ያደግሁት በዚህች ነው።

አንዱ ልጅ የአባ ጅፋር ማሊያ አድርጓል፣ ለሱ ሰፍቶታል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገ በዚያው ዓመት ዋንጫውን ያነሳ ቡድን ነው። ጊዮርጊስን በግብ ክፍያ በልጦ። ያን ዕለት ጅማ አላደረችም ይላሉ ጋሼ። በ2014 ወረደ። ማሊያው ግን የተሰፋው ከዚያ በፊት ነው፣ ለታላቅ ወንድሙ። ከመሄዳችን በፊት ገበያ ገብተን ኳስ ገዛሁላቸው፣ 1,200 ብር። ጋሼ ፊሽካ ከኪሳቸው አወጡ። በ79 ዓመታቸው ፊሽካ ይዘው ይዞራሉ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13፦ ወደ ስታዲየም

ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ደረስኩ። ባለቤታቸው አንድ ኪሎ ጥሬ ቡናና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። መንገድ ላይ ስፈታው አንዲት ሲኒ ናት። የእናታቸው። ከስኳር ዕቃው ኋላ የተቀመጠችው ትሁን ሌላዋ አላወቅሁም፤ ጋሼንም አልጠየቅኳቸውም።

መንገዱ በሰላም አለቀ። ወልቂጤ ላይ ለምሳ ቆምን፤ ቃሌን ጠበቅሁ። ክትፎ ለብለብ፣ በቆጮ፣ በአይብና በጎመን፣ 480 ብር። አስተናጋጇ አስታወሰችኝ። "ጾመኛው!" ብላ አይቡን ደረበችልኝ። አዲስ አበባ ላይ በዚህ ዋጋ የዚህን ግማሽ ብታገኝ ነው፤ ቆጮውም እንዲህ አይሳሳም።

10 ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ አበባ ገባሁ። ቦርሳዬን እንደያዝኩ በቀጥታ ወደ ስታዲየም ሄድኩ። ስታዲየሙ እድሳት ላይ ነበር፤ ዙሪያውን ቆርቆሮ ጋርዶታል። በባቡሩ ጣቢያ በኩል ወርጄ በእስጢፋኖስ በኩል ዞርኩት። በልጅነቴ ወደ ስታዲየሙ መቀመጫዎች፣ በየት በኩል ካታንጋ፣ በየት በኩል ሚስማር ተራ፣ በየት በኩል ዳፍ ትራክ፣ በየት በኩል ከማን አንሼ እንደሚገባ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀው ነበር። ጥላ ፎቅ አንድ ቀን ብቻ ነው የገባሁት፣ አባቴ ቦነስ ያገኘ ቀን።

እዚህ ግቢ ሦስት የአፍሪካ ዋንጫ ተካሂዷል። የ1954ቱ፣ ከአስመራ ጋር የ1960ው፣ ከድሬዳዋ ጋር የ1968ቱ። ሦስተኛው ሲካሄድ የአህጉሩ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ጋሽ ይድነቃቸው ነበሩ። በዚያ ሰሞን ብሔራዊ ቡድናችን "የሜዳ ጨዋታ" ለማድረግ ሞሮኮና ታንዛኒያ ይሄድ ነበር። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። ለአፍሪካ ቦታ ያስከበረ ሰው አገር፣ ኮንፌዴሬሽኑን ከመሠረቱት አራቱ አንዷ፣ ለ90 ደቂቃ የሚበቃ ሣር ከሰው አገር ትለምን ነበር። ዋሊያዎቹ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን ሲያሸንፉ የኛ ሕዝብ በዙሪያቸው መሆን ነበረበት። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ጓደኛው ትከሻ ላይ ወጥቶ ማየት ነበረበት።

በር ላይ የነበረው ጥበቃ ወደ እኔ መጣ። ቦርሳ ይዤ ቆርቆሮ ሥር ስንጎራደድ ጠርጥሮኝ ነው። ዛሬ ጥር 13 ነው፣ 63 ዓመት ሞላው አልኩት። ትንሽ አሰበ። "የመንግሥቱ ወርቁ?" አለ። አዎ አልኩት። መግባት አይቻልም፣ ግን እዚህ ጋ ቀዳዳ አለች ብሎ በጣቱ አሳየኝ።

ጋሼ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቁኝ መንገዱን ነው፤ ቀጥሎ ክትፎውን።

"አሁን የት ነህ?" አሉኝ።

"ስታዲየም። በካታንጋ በኩል።"

ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። ከጀርባቸው የአዛን ድምፅ ይሰማል።

"ይታያል?"

ዓይኔን ቀዳዳዋ ላይ አደረግሁ። "ሜዳው አይታይም፣ ጋሼ። ደረጃው ነው የሚታየኝ።"

"ስንተኛው?"

ቆጠርኩ። "ከታች እስከ ስድስተኛው።"

"እኛ አምስተኛው ላይ ነበርን" አሉ፣ "አባትህ በግራዬ።"